የሰሐኑ ግራ

ቤታችን ሙሐረቅ፣ ከአየር ማረፊያው ሥር፣
አውሮፕላን በወረደ ቁጥር ብርጭቆው ሲንገራገር።
ኡም ዓቲቅ ተቀምጣ ከመስኮቱ ግርጌ፣
ምሳዋን አቀረብኩ፣ ሩዙን ከዓሣ አድርጌ።
ቀኙን ጠራረገች፣ አንድም ፍሬ ሳይቀር፤
ግራው አልተነካም፤ የሩዝ ድንበር
ሰሐኑን ለሁለት ከፍሎት ነበር።

«ይኸው ነው?» አለችኝ፤ «ምነው እጅሽ አጠረ?
ከረጢቱ ሞልቶ ሩዙ ተቆጠረ?»

እኔም ግራ ገባኝ።
ከእሷ የጠፋው ግራ
እኔ ውስጥ መግባቱን ያኔ ማን ነገረኝ?

ሰሐኑን ላነሣ ስል እጄ አዞረው በድንገት፤
ፊቷ በራ፤ አዲስ ምግብ የመጣ መሰላት።
«ነበረሽ አይደል!» አለችና ወቀሰችኝ፣
እየወቀሰችኝም በላችልኝ።

ዶክተር ሊጂ የኬረላ ልጅ ናት፤
አረብኛዋ እንደ እኔው ስብርብር ያለበት።
ከመሳቢያ አወጣች የላስቲክ ጭንቅላት፣
እንደ ሽንኩርት ተልጦ የሚከፈት።

«ዓይኗማ ደኅና ነው፤ ብርሃን ይገባል በብሌኗ በኩል፤
ገብቶም ይገለበጣል ምስሉ በሙሉ፤
ሰማይ ከታች፣ መሬት ከላይ፤
እኔም አንቺም በራሳችን ቆመን ነው የምንገባው ሰው ዓይን ላይ።
ብርሃኑ ግን እዚያው ይቀራል፣ ከዓይን ጓዳ፤
ወደ ውስጥ የሚሄደው ወሬው ነው፣ በነርቭ ክር፣ እንደ እንግዳ።
አንጎል ራሱ ብርሃን አይቶ አያውቅም።
መንገድ ላይ ግማሹ ክር ግማሹን አቋርጦ ይሻገራል፤
የግራው ዓለም ሁሉ ወደ ቀኝ አንጎል ይጓዛል።
የእሷ ደም የቆመው እዚያ ነው።»

ክር ስትል፣
ግድግዳችን ላይ ያለው ፎቶ መጣብኝ፤
ኡም ዓቲቅ በወጣትነቷ ኩራር ስትሠራ፣
ወርቀ ዘቦ በየጣቱ፣ ሴቶች ክብ ሠርተው፣
ክሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር፣ እሷ መሐል ሆና ስትሰፋው።
አንዷ ከተነሣች ጥልፉ ይላላል፣ ትለኝ ነበር።
እንግዲህ ከራስ ቅሏ ውስጥ
አንዲት ሴት ተነሥታ ሄዳለች፤
ማንንም ሳትሰናበት።

«ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» ይባላል በእኛ አገር፤
ለካስ ችሎቱ ከማጅራት በላይ ነው፣ ከራስ ቅል ጓሮ፤
ዳኛው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ምስክር ብቻ ይሰማል፤
የግራው ምስክር ካልመጣ፣ ግራ የሚባል ነገር መኖሩን
ማን ያስታውሰዋል?

«አንቺም ቀዳዳ አለሽ» አለችኝ ሊጂ እየሳቀች።
ወረቀት ላይ መስቀል፣ ከቀኙ ደግሞ ነጥብ ሣለች።
ግራ ዓይኔን ሸፈንኩ፤ መስቀሉን እያየሁ ወረቀቱን ሳስጠጋው
ነጥቡ ጠፋ።
ጉድጓድ መች ታየኝ? የታየኝ ነጭ ወረቀት ነው።
አእምሮ ከዳር ቀዶ ይጥፋል፤
ስፌቱንም ይደብቃል።

ዓቲቅ ዓርብ ዓርብ ይመጣል፣ የእናቱን ግንባር ይስማል።
ዓይኑ የጭልፊት ነው፤ ከድልድዩ ማዶ ታርጋ ያነባል።
በር ከፍቼለት፣ ጫማውን ተቀብዬ፣ ከፊቱ ቆሜ፣
«ቤት ማንም የለም እንዴ?» ብሎ ይጣራል።
የእሱን ለሐኪም አልነገርኩም።

አሁን የምገባው በቀኟ ነው። ሽታዬ ሳይቀድመኝ
«ዐዩኒ» ትለኛለች፤ ዓይኖቼ ማለቷ ነው፤
ይህን ማንም ሳይተረጉምልኝ ገባኝ።
አንዳንዴ ግን ግራ እጇን ይዤ፣ ጥፍሯን እየቆረጥኩላት፣
«ያቺ ሐበሻ ልጅ የት ሄደች?» ትላለች፣ ወደ ቀኝ እያየች።
«እመጣለሁ» እላታለሁ፤
እጇን ግን አልለቅም።

ማታ፣ ወጥ ቤት ቆሜ እራቴን በላሁ።
ጠገብኩ። ሰሐኑ ባዶ ነው፤ ላጥበው ተነሣሁ።
ውኃውን ከፍቼ
ቆምኩ፤
መልሼ ዘጋሁትና
ሰሐኔን አዞርኩት።